የፈታኙም ፈተና

ፈተና የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በሰው ላይ የሚደርስ መከራ ነው፤ ሁለተኛው የተማሪ ዕውቀት የሚመዘንበት ሥራ ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው እንዲያው በአጋጣሚ አይመስለንም። በከፍተኛ ትምህርት ቤት አራት ዓመት የደከመ፣ ከወላጆቹ ጎተራ እየተቀነሰ ስንቅ የተላከለት ወጣት ዕድሉ ባንድ ወረቀት ራስ ላይ በቀይ ቀለም በሚጻፍ ቁጥር ሲቆረጥ፣ ነገሩ ከመከራ በምን ይለያል? አምሳ ያገኘው ያልፋል፤ አርባ ዘጠኝ ያገኘው ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል የቆመችው አንዲት ነጥብ ከተማሪው ዕውቀት የመጣች ናትን ወይስ ከፈታኙ እጅ?

ስለ ተማሪ ትጋትና ስንፍና ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ፈታኙ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከት ያሰብነው የሰው ልጅ ፈታኙን ራሱን በሥርዓት ለማሰር ያደረገውን ረጅም ድካም ነው። ዓመቶቹ ሌላ ምልክት ካልተደረገባቸው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የዚህ ታሪክ መነሻ ከቻይና ነው። በዚያ አገር የከፍተኛ ትምህርት ፍጻሜው የመንግሥት ሹመት ስለ ነበረ፣ ሊቅ መሆንና ፈተና ማለፍ አንድ ነገር ሆነው ይታዩ ነበር። ሹማምንትን በጽሕፈት ፈተና መምረጥ የተጀመረው በሱይና በታንግ ነገሥታት ዘመን፣ ማለት ከ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ነው። ነገር ግን በታንግ ዘመን የተፈታኙ ስም በወረቀቱ ላይ ይታይ ነበር። ከፈተናው ቀን አስቀድሞም ተፈታኞቹ ግጥማቸውንና ድርሰታቸውን በጥቅልል እየጻፉ ወደ መኳንንቱ ቤት መላክ የተለመደ ነበር። ፈታኙም ወረቀቱን ከማየቱ በፊት የማንን ልጅ እንደሚያሳልፍ በልቡ ሊያውቅ ይችል ነበር። ይህን ሁሉም እንደ ነውር አይቈጥሩትም፤ መልካም ስም ያለው ሰው ይመረጥ ማለት ነው ይሉ ነበርና።

በሶንግ ነገሥታት ዘመን ነገሩ ተለወጠ። በ973 አንድ የወደቀ ተፈታኝ፣ ፈታኙ ሊ ፋንግ ለአገሩ ልጅ አድልቷል ሲል ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አለ። ንጉሠ ነገሥቱም ተፈታኞቹን ወደ ቤተ መንግሥት አስጠርቶ እርሱ ባለበት እንደገና አስፈተናቸው። በቤተ መንግሥት የሚደረገው የመጨረሻ ፈተና ከዚያ ወዲህ የጸና ሥርዓት ሆነ። አንድ የተበደለ ሰው ጩኸት ሥርዓት ማቆሙ የሚደነቅ ነው፤ ሆኖም ንጉሥ ሁሉን ወረቀት ሊያነብ አይችልም። ስለዚህ በ992 በቤተ መንግሥቱ ፈተና የተፈታኙ ስም የተጻፈበት ቦታ በወረቀት ተለጥፎ እንዲሸፈን ተደረገ። በዚያው ዓመት የፈታኞች አለቃ ሆኖ የተሾመው ሱ ዪጂያን ሹመቱን እንደ ሰማ ወደ ቤቱ ሳይመለስ በቀጥታ ወደ መፈተኛው ግቢ ገባና በሩን አዘጋ፤ አማላጆች እንዳያገኙት ነው። ይህም ልማድ ሆኖ ቀረ። ስምን የመሸፈኑ ደንብ በ1007 ወደ ዋና ከተማው ፈተና፣ በ1033 ደግሞ ወደ አውራጃዎች ፈተና ወረደ።

ይሁንና ስም ቢሸፈን የእጅ ጽሕፈት ይናገራል። መምህር የተማሪውን አጣጣል ከሩቅ ይለየዋል፤ ጉቦ ሰጪም ከቃላት መካከል አንዱን በምልክት ጽፎ ሊያስታውቅ ይችላል። ቻይናዎች ለዚህም መድኃኒት አላጡለትም። በ1015 አንድ የጸሐፊዎች መሥሪያ ቤት አቋቁመው እያንዳንዱን የመልስ ወረቀት ሌላ ጸሐፊ እንዲገለብጠውና ለፈታኙ ግልባጩ ብቻ እንዲቀርብለት አደረጉ። በኋለኞቹ ዘመኖችም ተፈታኙ በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ገልባጩ በቀይ ይገለብጣል፤ ሌሎች ሰዎች ሁለቱን ያስተያያሉ፤ ፈታኙ ቀዩን እንጂ ጥቁሩን አያይም ነበር። የሺህዎችን ድርሰት ቃል በቃል በእጅ መገልበጥ ምን ያህል ሰውና ምን ያህል ቀን እንደሚፈጅ፣ ፋይል መገልበጥ ሥራችን የሆነ እኛ ጸሐፊዎች ከማንም ይልቅ እንረዳዋለን። መንግሥቱ ግን ወጪውን ከአድልዎው ይሻላል ብሎ መረጠው። በዘመናችን አንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ፈተና ሲያደርግ የተፈታኙ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ በወረቀቱ ራስ ላይ በጉልህ ተጽፎ ያየን ሰዎች፣ ሺህ ዓመት ያለፈው የዚህ ብልሃት ነገር ሳያስገርመን አልቀረም።

ታዲያ ስምም እጅም ከተሸፈነ ሁሉ ነገር ተስተካከለ ማለት ነውን? የ1057ቱ ፈተና ታሪክ ለዚህ መልስ ይሰጣል። በዚያ ዓመት የፈታኞቹ አለቃ ታላቁ ደራሲ ኦውያንግ ሺዩ ነበር። እርሱና ባልደረቦቹ አምሳ ቀን ያህል በመፈተኛው ግቢ ተዘግተው ሰነበቱ። ከባልደረቦቹ አንዱ ባለቅኔው ሜይ ያውቸን አንድ እጅግ ያማረ ድርሰት አግኝቶ ለአለቃው አሳየው። ኦውያንግ ሺዩም በጣም ተደሰተበትና አንደኛ ሊያደርገው ፈለገ። ነገር ግን በልቡ፣ እንዲህ ያለውን ድርሰት ከደቀ መዝሙሬ ከዜንግ ጎንግ በቀር ማን ይጽፈዋል፤ ለተማሪው አደላ ይሉኛል ብሎ ፈራና ሁለተኛ አደረገው። ስሙ ሲገለጥ ጸሐፊው ዜንግ ጎንግ ሳይሆን ከሩቅ አገር ከሲቹዋን የመጣ ሱ ሺ የሚባል የሃያ ዓመት ወጣት ሆኖ ተገኘ። ይህ ወጣት በኋላ ከቻይና ታላላቅ ባለቅኔዎች አንዱ የሆነው ነው። እነሆ፣ ሰውየው ላለማዳላት ሲል በደለ!

በዚያው ፈተና የተነገረ ሌላ ታሪክም አለ፤ የመዘገበልን ሸን ኩዎ የሚባለው የዚያ መቶ ዓመት ሊቅ ነው። በዚያን ጊዜ ወጣቶቹ ቋንቋን ማጣመምና እንግዳ ቃል መደርደር እንደ ዕውቀት ይቈጥሩት ነበር። ኦውያንግ ሺዩ ይህን አጥብቆ ይጠላ ነበር። ከነዚህ ወጣቶች ስመ ጥር የሆነው ሊዩ ጂ ነበርና፣ ፈታኙ አንድ የተጣመመ ድርሰት ሲያገኝ ይህ የሊዩ ጂ መሆን አለበት ብሎ ከላይ እስከ ታች በቀይ ቀለም ሰረዘው። እውነትም የእርሱ ነበር። ውጤቱ በወጣ ጊዜ የወደቁት ተሰብስበው ኦውያንግ ሺዩን በመንገድ ላይ ከበው ሰደቡት። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1059 እንደገና ፈታኝ ሆኖ ሲቀመጥ፣ ያንን ሰው ዳግመኛ ለመጣል ቆርጦ ወረቀቶቹን ያገላብጥ ጀመር። አንዱን የተጣመመ ድርሰት ይህ ነው ብሎ ጣለ፤ አንዱን ጥርት ያለ ድርሰት ግን አመስግኖ አንደኛ አደረገ። አንደኛ የሆነው ሊዩ ሁይ ይባላል ተባለ። ሊዩ ሁይ ማለት ሊዩ ጂ ነበር፤ ስሙንም አጻጻፉንም ለውጦ ተመልሶ መምጣቱ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ልብ በል፤ በመጀመሪያው ጊዜ ፈታኙ የተሸፈነውን ስም በግምት ገለጠው፤ በሁለተኛው ጊዜ ሽፋኑ ጸና፤ የተጠላውም ሰው በሥራው ብቻ ተመዘነ።

አለመመሳሰልን ለማጥፋት የተደረገው ሌላው ሙከራ የድርሰቱን ቅርጽ መወሰን ነው። በሚንግና በቺንግ ነገሥታት ዘመን ተፈታኞች ሁሉ በአንድ ልክ በተሰፋ፣ ባለ ስምንት እግር በሚባል ድርሰት እንዲጽፉ ተገደዱ። የክፍሎቹ ተራና የሐረጎቹ አንጻር ሁሉ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ለፈታኙ ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው፤ ሁሉን በአንድ መስፈሪያ ይሰፍረዋልና። ለተማሪው ግን አእምሮን በጠባብ ጫማ ማሠር ሆነበት። ድርሰቱ ከ20ኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ተተወ፤ ፈተናውም ራሱ በ1905 ጨርሶ ተሻረ። ከዚያ በፊት ሕጉ ምን ያህል ጽኑ እንደ ነበረ ለማሳየት አንድ ነገር እንጨምር። በ1858 በቤይጂንግ በተደረገው ፈተና የፈታኞቹ አለቃ ቦ ጁን የሚባለው ታላቅ ሚኒስትር በአሽከሩ አማላጅነት አንድ የወደቀ ወረቀት በሌላ ማስለወጡ ተገለጠበት፤ በተከታዩም ዓመት በአደባባይ አንገቱ ተቈረጠ።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። በዚያ ዩኒቨርስቲዎች ከተቋቋሙ ጀምሮ ለብዙ መቶ ዓመት ተማሪ የሚፈተነው በጽሕፈት ሳይሆን በአፍ ነበር። ተማሪው በሰው ፊት ቆሞ በላቲን ይከራከራል፤ መምህራኑ ሰምተው ይፈርዳሉ። ይህ ሥርዓት በደኅናው ጊዜ ጥሩ ነበረ፤ ሲበላሽ ግን ማስረጃ የሚሆን ወረቀት እንኳ አልነበረውም። በኋላ የእንግሊዝ ዋና ዳኛ የሆኑት ሎርድ ኤልደን በ1770 በኦክስፎርድ ለዲግሪ ሲፈተኑ የቀረበላቸው ጥያቄ ሁለት ብቻ እንደ ነበረ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። የራስ ቅል ስፍራ በዕብራይስጥ ምን ይባላል? ጎልጎታ። ይህን ኮሌጅ ማን ሠራው? ንጉሥ አልፍሬድ። በቃ፤ ለዲግሪ በቅተዋል ተባሉ። ይልቁንም የሚያስቀው፣ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ የሚባለው የርሳቸው ኮሌጅ የተመሠረተው በ13ኛው መቶ ዓመት ሲሆን፣ ንጉሥ አልፍሬድ ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የሞተ መሆኑ ነው። ኦክስፎርድ በ1800 አዲስ የፈተና ደንብ ያወጣው እንዲህ ያለው ነገር ስላሳፈረው ነው።

ካምብሪጅ ግን ቀደም ብሎ ወደ ብዕርና ወረቀት አዘንብሎ ነበር፤ ምክንያቱም ዋና ፈተናው ሒሳብ ነበርና። ቁጥርን በአፍ መከራከር አይመችም። ከ18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጀምሮ የተመራቂዎቹ ስም በማዕርግና በተራ ይታተም ጀመር። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ነጥብ ይሰጥ የሚለውን ሐሳብ በ1792 ያመጣው ዊልያም ፋሪሽ የሚባል መምህር ነው ይባላል። ከዚያ በፊት ፈታኙ በጠቅላላው ይህ ከዚያ ይሻላል ብሎ ነበር የሚፈርደው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ፍርድን በየቍራሹ ከፋፍሎ መቍጠር ማለት ነው። የተቈጠረ ነገር ደግሞ ሌላ ሰው እንደገና ሊቈጥረው ይቻላል።

ሌላ ሰው እንደገና እንዲቈጥር የሚያደርገው ሥርዓት በእንግሊዝ አገር የተስፋፋው በ1832 ከተቋቋመው ከደርሃም ዩኒቨርስቲ ጀምሮ ነው። ደርሃም አዲስ ስለ ነበረ ዲግሪው እንዳይናቅ ከኦክስፎርድ ፈታኞችን አስመጣ። የሎንዶን ዩኒቨርስቲ ደግሞ በ1836 ሲቋቋም ዋና ሥራው መፈተን ነበር፤ የሚያስተምሩት ሌሎች፣ የሚፈትነው እርሱ። በ1858 ፈተናውን በማናቸውም ስፍራ ለተማረ ሁሉ ከፈተው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካርቱም፣ የኢባዳንና የማከሬሬ ኮሌጆች ተማሪዎች በሎንዶን ዲግሪ የተመረቁት በዚህ መንገድ ነው። ሚዛኑ ለሎንዶኑም ለኢባዳኑም ልጅ አንድ ነበር፤ ይህ አያጠራጥርም። በሚዛኑ ላይ የተጫነው እህል ግን ከአፍሪካ ማሳ ይልቅ ከሰው አገር የበቀለው ይበዛ ነበር፤ በዚህም የአፍሪካ ምሁራን ማጉረምረማቸው ተገቢ ነው እንላለን።

የሚያስተምረው ሌላ፣ የሚመሰክረው ሌላ የሚለው ነገር ለኛ አገር ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ደቀ መዝሙሩ ድጓን በየትም ደብር ከየኔታ እግር ሥር ሊማር ይችላል። ለማስመስከር ግን ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አባ ይወጣል። የገዛ መምህሩ ልጄ በቅቷል ቢለው እንኳ፣ በምስክር ቤቱ ሊቃውንት ፊት ዜማውን ከነምልክቱ አሰምቶ ሳይመሰከርለት መምህር ነኝ ማለት አይሆንለትም። ተማሪዎቹ ከየአገሩ የቃረሙት ዜማ በአንድ ደጃፍ ስለሚያልፍ፣ መስፈሪያው እንዳይለያይ ይህ ታላቅ ጥበቃ ነበር። ስለ ደርሃም ሥርዓት የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ቤተ ልሔምን አለማወቃቸው የሚያሳዝን ነው። ዛሬም በዩኒቨርስቲዎቻችን የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፍ ሲመረመር ከሌላ ተቋም የተጠራ ፈታኝ አብሮ መቀመጡ ከሁለቱም ወገን ዘመድ አለው ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያየነው ስለ አድልዎ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ከዚህ የረቀቀ ጥያቄ ተነሣ። ፈታኙ ጻድቅ ቢሆን፣ ስሙም ቢሸፈን፣ ሁለት ጻድቃን አንድን ወረቀት እኩል ይመዝኑታልን? ይህን በቁጥር የመረመረው ፍራንሲስ ኤጅዎርዝ የሚባለው የኢኮኖሚ ሊቅ ነው። በ1888 ባወጣው ጽሑፍ፣ የፈታኝ ስሕተት የከዋክብትን ርቀት የሚለካ ሰው ስሕተት እንደሚታሰብ ሊታሰብ ይገባል አለ። ኋላም አንድ የላቲን ድርሰት አሳትሞ ለ28 የታወቁ ፈታኞች ቢያስመዝነው፣ ከ45 ጀምሮ እስከ 100 ድረስ ሰጡት። በ1912 በአሜሪካ ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት አንድን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የእንግሊዝኛ ወረቀት አባዝተው ለትምህርት ቤቶች ላኩ። የ142 መምህራን ማርክ ከ64 እስከ 98 ሆኖ መጣ። የቋንቋ ነገር ስለሆነ ነው የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ በተከታዩ ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ላኩ፤ ይህ ደግሞ ብሶ ከ30 በታች ጀምሮ ከ90 በላይ ደረሰ። ከመምህራኑ ገሚሱ ለሥዕሉ ንጽሕና፣ ገሚሱ ለመንገዱ፣ ገሚሱ ለመጨረሻው መልስ ብቻ ቢያስብ እንዲህ መሆኑ አይቀርም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ግን በ1935 ፊሊፕ ሃርቶግና ሮድስ በእንግሊዝ አገር ያሳተሙት ምርመራ ነው። 15 የታሪክ ወረቀቶች መረጡ፤ ወረቀቶቹ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ሲሆኑ፣ ይህ ፈተና ወደ ዩኒቨርስቲም የሚያስገባ በር ነበር። ለ14 ልምድ ያላቸው ፈታኞች ሰጧቸው። ከአንድ ዓመት በላይ አቆይተው እነዚያኑ ወረቀቶች ለእነዚያው ፈታኞች እንደገና አቀረቡ። ከ210 ፍርዶች ውስጥ በ92ቱ ፈታኙ የራሱን ፍርድ ለወጠ፤ ወድቋል ያለውን አልፏል፣ አልፏል ያለውን ወድቋል፣ ወይም በማዕርግ አልፏል አለ። እዚህ ላይ አማላጅ የለ፣ ጉቦ የለ፣ የአገር ልጅነት የለ። ሰውየው ከሌላ ሰው ጋር ቀርቶ ከራሱ ጋር አልተስማማም። ቻይናዎች የሸፈኑት ስም ይህን ሊያድን አይችልም። የመልስ መመሪያ አስቀድሞ መጻፍ፣ ፈታኞች እርማት ከመጀመራቸው በፊት ጥቂት ወረቀቶች በጋራ አርመው መስፈሪያቸውን ማስተያየት፣ አጠራጣሪውን ወረቀት ለሁለተኛና ለሦስተኛ አራሚ መስጠት ሁሉ የሚደረገው ለዚህ ነው። መምህር ሁሉ ይህ ድካም ነው ሲል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ነገር ግን ከግልባጭ ጸሐፊዎቹ ድካም አይበልጥም።

ሚዛኑ ልክ ሆኖ የሚዛኑ ባለቤት እንቢ ያለበት አንድ ታሪክ ደግሞ ይቀረናል። ካምብሪጅ ከ1881 ጀምሮ ሴቶች በዋናው ፈተና እንዲቀመጡ ፈቅዶ ነበር። ውጤታቸው ግን ከወንዶቹ በኋላ ለብቻ ይነበብ ነበር፤ ዲግሪም አይሰጣቸውም ነበር። በ1890 የኒውናም ኮሌጅ ተማሪ የሆነችው ፊሊፓ ፎሴት፣ ለሴቶች የመምረጥ መብት የታገሉት የሚሊሰንት ፎሴት ልጅ፣ በሒሳብ ተፈተነች። ወንዶቹ ከአንደኛው ጀምሮ በተራቸው ተነበቡ። የሴቶቹ ተራ ሲደርስ አንባቢው የፎሴትን ስም ጠርቶ ከአንደኛው በላይ ብሎ አነበበ። አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ወረቀቱን ያረሙት ሰዎች ያገኙትን ነጥብ ሳይቀንሱ መጻፋቸው ያስመሰግናቸዋል። ዩኒቨርስቲው ግን አንደኛነትን ለሁለተኛው አስቀረለት፤ ለእርስዋም ዲግሪ አልሰጠም። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ ለመስጠት የወሰነው ውሳኔ በንጉሡ የጸደቀው በ1948 ነው። ፊሊፓ ፎሴት በሰማንያ ዓመቷ፣ ይህ ከሆነ አንድ ወር ያህል ቆይታ፣ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ዐረፈች።